ጌዶ ላይ ሳልታመም የተኛሁ ጊዜ

ለልምምድ ማስተማር ጌዶ እንደ ደረሰኝ ሲነገረኝ አልቅሻለሁ። የመምህራን ማሠልጠኛው ደንብ ተለማማጅ በተቻለ መጠን በተወለደበት አውራጃ እንዲመደብ ያዝዝ ስለ ነበር፣ አምቦ እንደምቀር አልተጠራጠርኩም። ያኔ በመንግሥት ወረቀት ላይ ሀገረ ሕይወት ነበር የምትባለው፤ እኛ ግን በቤታችን ከአምቦ በቀር ሌላ ስም አልጠራንባትም። እናቴ ቤት ቁርሴን በልቼ፣ በእግሬ ትምህርት ቤት ደርሼ እየተመለስኩ ልምምዱን የምጨርስ መስሎኝ ነበር። የአምቦውን ቦታ ሌሎች ወሰዱት።

አባቴ የአውራጃው ግዛት ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበር። «ጌዶም አገር ነው፤ ብርድ እንጂ ወባ የለበትም» ብሎ አጽናናኝ። ከዚያ በኋላ ማልቀስ አልተፈቀደልኝም።

ዘመኑ ስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ጥር ነበር። ከመሄዴ በፊት የነበረኝን ሳምንት በዝግጅት አሳለፍኩት። የማስተምረው ሦስተኛ ክፍል ነው፤ የመጀመሪያ ትምህርቴ «ዝናብ ከየት ይመጣል» የሚል ነበር። አሮጌ ግራጫ ብርድ ልብስ ቆርጬ ሳንቃ ላይ ቸነከርኩና ሰሌዳ ሠራሁ። ደመናውን ከነጭ ጨርቅ፣ ተራራውን ከካርቶን፣ ወንዙን ከእናቴ አሮጌ ሰማያዊ ሻሽ ቆረጥኩ። ካርቶኖቹ ብርድ ልብሱን እንዲይዙ ጀርባቸው ላይ የብርጭቆ ወረቀት ለጠፍኩ። ይህ ከማሠልጠኛው የተማርኩት ትልቁ ጥበብ ነበር፤ ሳንቃውን ሳቆመው ደመናው ያለ ሚስማር ተንጠልጥሎ ሲቀር እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሴት ልጅ ብቻዋን ቤት ተከራይታ አትቀመጥም። ስለዚህ አባቴ ሰው ልኮ፣ ልምምዴን ከሚቆጣጠሩት መምህር ቤት እንድቀመጥ አስፈቀደ። ጓዳ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ክፍል ሰጡኝ፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ሣጥን፣ ወደ ጓሮ የምታይ የመዳፍ ስፋት ያላት መስኮት። መምህሩ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ጎረቤቱ ሁሉ «ኦቦ ባርሲሳ» ይላቸዋል፤ አቶ መምህር ማለት ነው። ተማሪ ሲረብሽ አይመቱም፤ ሲዋሽ ግን ይመታሉ። ባለቤታቸውን እትዬ እላቸው ነበር። የጌዶ ተወላጅ ናቸው፤ አማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሳሉ። ልጅ አልወለዱም። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ቤቱ ራሱ ይናገር ነበር።

የመጀመሪያውን ሳምንት ከክፍሉ ኋላ ተቀምጬ መምህሩ ሲያስተምሩ እያየሁ ጨረስኩ። ሰኞ እኔ ልቆም ነበር። ሰኞ ሳይደርስ መምህራን በአገሩ ሁሉ ሥራ አቆሙ።

ምክንያቱን እኔም በደንብ የተረዳሁት ኋላ ነው፤ ስለ ደመወዝ ነበር፣ ስለ አዲስ የትምህርት ዕቅድም ነበር። የማስታውሰው ተማሪዎቹ ደብተራቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ወደየቤታቸው ሲሮጡ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስም ቀረ። ወደ አምቦ ልመለስ ብል መንገድ የለም፤ ላስተምር ብል ትምህርት የለም። ሳንቃዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ።

መምህሩ ግን ዝግጅቴን እንዳቆም አልፈቀዱልኝም። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ሳሎን ይጠሩኝና ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ምንም አይቀረው።

«እኔ ተማሪ ነኝ፤ አስተምሪኝ» ይላሉ።

ደመናዬን ለጥፌ እጀምራለሁ። እሳቸው እጃቸውን ያወጣሉ። «እመቤት፣ ደመናው ከባድ ከሆነ ለምን አይወድቅም?»

አላውቅም። ተራራውን እያነሣሁ መልሼ እለጥፋለሁ።

«አላውቅም ማለት ይቻላል» ይላሉ። «ነገ አጥንቼ እነግራችኋለሁ በይ። አትዋሺ ብቻ። ልጅ ውሸት ይሸተዋል።»

በዚህ ሁኔታ ቀናት ሄዱ። አንድ ዓርብ ዳይሬክተሩ እኔንና ሌላኛውን ተለማማጅ አስጠሩን። ያ ልጅ ከጎጃም የመጣ፣ ገበያው አጠገብ የተከራየ፣ ጌዶ ውስጥ ዘመድ የሌለው ነበር። ዳይሬክተሩ ፊታቸው አመድ መስሏል። የወረዳው ገዢ ዘንድ ደርሰው መምጣታቸውን ነገሩን።

«ሰኞ ክፍል ትከፍታላችሁ» አሉ። «አድማው የመምህራን ነው፤ እናንተ ገና መምህር አልሆናችሁም። አንገባም ካላችሁ ለማሠልጠኛው ይጻፋል፤ ትባረራላችሁ።»

ያ ልጅ «እሺ» አለ። ምን ይበል? እኔ ምንም ሳልናገር ወጣሁ፤ ዝም ማለቴን ግን እንደ እሺታ ቆጥረውታል።

ራት ላይ ለመምህሩ ነገርኳቸው።

«ግቢም አትግቢም አልልሽም» አሉ። «ያንቺ እንጀራ ነው። ክፍሉ ግን የኔ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የቆምኩበት ነው። እኔ ደጅ ቆሜ ሌላ ሰው ሲገባበት ማየት… ይከብደኛል።» ከዚያ እጃቸውን ታጠቡ።

በማግስቱ ከስልክ ቤት ተጠራሁ። አባቴ ነበር፤ ከአምቦ። መስመሩ ስለማይሰማ እየጮኸ ነበር የሚናገረው፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ይሰማል።

«ልጄ፣ ያዘዙሽን አድርጊ!»

«አባዬ፣ እኔ እኮ እሳቸው ቤት ነው የምኖረው…»

«አውቃለሁ! እኔም እዚህ ተጠይቄያለሁ! ልጅህ ከማን ጋር ናት ተብያለሁ! ያዘዙሽን አድርጊ፣ እናትሽን አታስጨንቂ!»

ስልኩን መልሼ ወጣሁ። ብገባ የምበላበትን ማዕድ ረገጥኩ። ባልገባ እኔ ተባርሬ አባቴ ከሥራው ሊወጣ ነው። ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ትቼ የገበያውን ዳር ዳር ስዞር ዋልኩ፤ ጌዶ ደግሞ ትንሽ ናት፤ የትም ብሄድ ተመልሼ እዚያው ነው የምወጣው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እትዬ ጓሮ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አብሬ ለቀምኩ። ቀና ሳይሉ፣

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ታመሚ።»

«ምን?»

«ታመሚ። የታመመ ሰው ክፍል ግባ አይባልም፤ አልገባህም ተብሎም አይባረርም። ሆዴን በይ። ሆዴን ያለች ሴት ወንድ የት ላይ ብሎ አይጠይቃትም።»

«መምህሩስ?»

እትዬ ምስሩን ነፋ ነፋ አደረጉ። «እሱ እንዳይሰማ። ውሸት ቤቴ አደረ ካለ፣ ራሱ ሄዶ ለዳይሬክተሩ ይነግራል። አላውቀውም መሰለሽ?»

ሰኞ ጠዋት አልተነሳሁም። እትዬ ራሴን በሻሽ አስረው ብርድ ልብስ ደረቡብኝ። ዳይሬክተሩ ረፋድ ላይ መጡ፤ በሩ ላይ ቆመው አዩኝና የጤና ጣቢያውን ድሬሰር ላኩ። ድሬሰሩ ወጣት ነበር፤ ከኔ ይልቅ እሱ አፈረ። በብርድ ልብሱ ላይ ሆዴን ጫን ጫን አድርጎ «ያማል?» አለኝ። «ያማል» አልኩ። ማስታወሻው ላይ ምን እንደ ጻፈ እንጃ፤ ከዚያ ግን ሣጥኑን ከፍቶ መርፌ አወጣ። እትዬን በዓይኔ ለመንኳቸው። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በሕይወቴ ከተወጋሁት መርፌ ሁሉ ያመመኝ ሳልታመም የተወጋሁት ነው፤ ደግሞም በማግስቱ እደግማለሁ ብሎ ሄደ፤ ደገመም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የመምህሩ ነገር ነበር። እውነት መስሏቸው ቤት ውስጥ በእግራቸው ጣት መሄድ ጀመሩ። ሬዲዮ ሲሰሙ ጆሯቸውን ለጥፈው ነው። ብርቱካን ፍለጋ ወጥተው ከጌዶ ገበያ አጥተው ከአንድ ከነቀምት ከመጣ ጭነት መኪና ሾፌር ላይ ገዝተው መጡ። በሩን በትንሹ ከፍተው «ትምህርቱ የትም አይሄድም፤ አንቺ ዳኚ ብቻ» ይሉኛል። እሳቸው ሲወጡ ብርቱካኑን መላጥ ያቅተኝ ነበር።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ እያደር ከበደ። የሠፈሩ ሴቶች ሊጠይቁኝ መጡ፤ አጥሚት የያዘች አለች፣ እርጎ የያዘች አለች። «ማል ታቴ?» ትላለች አንዷ፤ ምን ሆንሽ? «ዋቅኒ ሲ ሃ ፈይሱ» ትላለች ሌላዋ፤ ፈጣሪ ይማርሽ። አሜን እላለሁ። አልጋው ዙሪያ ተቀምጠው እስኪጫወቱና እስኪሄዱ ሳልገላበጥ እተኛለሁ። አንዲት አሮጊት የማርያምን ጠበል በእንስራ አስቀድተው አመጡና ማለዳ ጓሮ አውጥተው በላዬ ላይ አፈሰሱት። የጌዶን የማለዳ ብርድ የማያውቅ ሰው ይህን አይረዳኝም። ጥርሴ ሲንገጫገጭ አሮጊቷ «ይኸው ሊለቃት ነው፤ ተንቀጠቀጠ» አሉ።

ማታ ማታ ካልሆነ በቀር እግሬን አላፍታታም፤ እሱንም ከአልጋው እስከ መስኮቷ። ቀን ጣሪያውን እያየሁ ትምህርቴን በልቤ አስተምር ነበር። ዝናብ ከየት ይመጣል፣ ከባሕር ይነሣል፣ ደመና ይሆናል። ልጆቹን በዓይኔ አስቀምጬ እጠይቃቸዋለሁ፤ ራሴ እመልሳለሁ። ከዚያ እንደገና።

ያ የጎጃሙ ልጅ አንድ ቀን ሊጠይቀኝ መጣ። ክፍል ከፍቶ ጥቂት ልጆች መጡለት፤ የመምህራኑ ልጆች አልመጡም። መንገድ ላይ ሰላም የሚለው መምህር እንደሌለ ነገረኝ። ሻይ ቤት ሲገባ ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል።

«አንቺስ እግዜር አየሽ» አለኝ። «መታመም እንኳ ለሰው በወቅቱ ሲመጣለት!» ቅናቱ ከልቡ ነበር። ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ነው ሌላው ነገር የመጣ። ከሰዓት በኋላ እትዬ ወፍጮ ቤት ሄደዋል፤ መምህሩም የሉም። ሁለት ሴቶች በጓሮው አጥር በኩል ቆመው በኦሮምኛ ሲያወሩ በመስኮቷ ሰማሁ። አንደኛዋ «ኡልፋ» አለች። እርግዝና። ሌላዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ከማን እንደሚሆን ጠየቀች። መልሱ በቃል አልመጣም፤ አጭር ሳቅ ብቻ። ከዚያ የመጀመሪያዋ «እሷ እኮ አልወለደችለትም» አለች።

እትዬ ሲመለሱ አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ አገኙኝ። የሰማሁትን ነገርኳቸው። ዱቄቱን አስቀምጠው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«ሰምቻለሁ» አሉ። «ከትናንት ወዲያ ነው የሰማሁት።»

«እነሣለሁ! አሁኑኑ እነሣለሁ!»

«አሁን ብትነሺ አስወርዳ ተነሣች ይላሉ። ብትቆዪ ሆዷን ልትደብቅ ነው ይላሉ።» አጠገቤ ተቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደክመው አየኋቸው። «ወሬ ነው። ወሬ እኔ ላይ ስንት ዓመት አለፈ መሰለሽ። ይልቅ ተኚ።»

ተኛሁ። ያን ቀን ግን የእውነት ሆዴን አመመኝ።

መንገዱ ተከፍቶ አውቶቡስ ሲጀምር፣ በመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፣ አባቴ ከተፍ አለ። ከአምቦ ፍል ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል፤ ለሆድ መድኃኒት ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክር ጀመር።

«እንዴት ነሽ?»

«ደኅና ነኝ።»

«ሆድሽን ነው አሉኝ።»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ብርድ ልብሱን ወደ አገጬ ሳብኩት። እሱም ግድግዳውን አየ፤ ሳንቃዬን፣ ግራጫውን ብርድ ልብስ። «እናትሽ አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብላኝ ነበር» አለ። «እንዴት እንደምጠይቅሽ ግን… አውቶቡስ ውስጥ ሰዎች ሲያወሩ… ጉደር ላይ ሁለት ሴቶች ተሳፍረው…» ባርኔጣው ብቻ ይዞራል።

ገባኝ። ወሬው እሱን ቀድሞ ጉደር ደርሶ ነበር።

«አባዬ፣ አልታመምኩም» አልኩት። «ምንም አልሆንኩም። ምንም።» ከዚያ ከምስሩ ለቀማ ጀምሬ እስከ ጠበሉ ድረስ በሹክሹክታ ነገርኩት።

ባርኔጣውን አንሥቶ ፊቱን ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አለቀሰ ብዬ ደነገጥኩ፤ ሲገልጠው ይስቅ ነበር፤ ዓይኑ ግን እርጥብ ነው።

«ከጉደር ጀምሮ ስጸልይ ነው የመጣሁት» አለ። «ልጄን ዋሾ አድርግልኝ ብዬ መጸለይ አላሰብኩም እንጂ!»

እኔም ሳቄ አመለጠኝ። አፌን በብርድ ልብሱ ያዝኩ። የተገላገልኩ መስሎኝ እግሬን ከአልጋው ላወርድ ስል ትከሻዬን ይዞ መለሰኝ።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ልነሣ ነዋ።»

«እንዳትነሺ! እኔ እኮ ልጄ በጠና ታማብኛለች ብዬ ነው ከአለቃዬ ፈቃድ የወሰድኩት። ዛሬ ድነሽ ብትገኚ ነገ ክፍል ግቢ ሊሉሽ ነው፤ እኔም ዋሸህ እባላለሁ።»

«እስከ መቼ ነው የምተኛው?»

«መምህራኑና መንግሥት እስኪታረቁ።»

በዚህ መሀል መምህሩ ገቡ። ለአባቴ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና «ልጅዎን በአደራ ተቀብዬ ታመመችብኝ» አሉ። «የሚገባውን አላደረግሁላት እንደሆነ ይቅር ይበሉኝ።» አባቴ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። መምህሩ ደንግጠው አነሡት። ጌዶ ባየሁት ሁሉ ውስጥ ይህን ማየት ነው የከበደኝ፤ እኔ ተኝቼ፣ ሁለቱም ቆመው።

አባቴ በማግስቱ ተመለሰ። እኔ ያባቴንም ትእዛዝ ጨምሬ ተኛሁ።

መምህራኑ ወደ ሥራ እንዲመለሱ ስምምነት መደረጉ የተሰማ ዕለት እትዬ መስኮቷን ወለል አድርገው ከፍተው «በቃ፤ ቀስ እያልሽ ዳኚ» አሉኝ። ቀስ እያልኩ የዳንኩ ማስመሰል አላስፈለገኝም፤ ስቆም ግድግዳውን ያዝኩ። ያን ያህል ጊዜ የተኛ ሰው መራመድ እንደሚረሳ አላውቅም ነበር። መምህሩ ክንዴን ይዘው ትምህርት ቤት ወሰዱኝ። ክፍሉ ገብተው የራሳቸውን ወንበር ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥተው ሰሌዳው ፊት አደረጉልኝ።

«ገና ከበሽታ መነሣትሽ ነው፤ ተቀምጠሽ አስተምሪ» አሉና ከኋላ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

ተቀመጥኩ። ስንት ጊዜ በልቤ ያስተማርኩት ትምህርት ከአፌ ሲወጣ ሌላ ሰው የሚናገረው ይመስል ነበር። ደመናው ሳንቃው ላይ ተያዘ፤ ልጆቹ «ኡ!» አሉ። አንዷ ትንሽ ልጅ እጇን አውጥታ በአማርኛ ጀምራ ቃሉ ሲጠፋባት በኦሮምኛ ጨረሰችው፤ ወንዙ ወደ ላይ ከሄደ ዓሣው የት ይቀራል ነው ጥያቄዋ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ «አላውቅም» አልኩ፤ «ነገ አጥንቼ እነግርሻለሁ።» ከኋላ መምህሩ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። ደስ ይለኛል ብዬ የጠበቅሁት ጊዜ ነበር። ወንበሩ ግን ይቆረቁረኝ ነበር፤ ቆሜ ላስተምር እንዳልል በሽተኛ ነኝ።

የጎጃሙ ልጅ ልምምዱን ሌላ ቦታ እንዲጨርስ ጠይቆ ሄደ። እኔ እስከ ግንቦት ቆየሁ። ያ ሁሉ ወር ውሃ ልቀዳ ስወርድ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም፣ የሴቶቹ ዓይን ፊቴ ላይ ሳይሆን ወገቤ ላይ ነበር የሚያርፈው። ይለካሉ። እትዬ ያውቃሉ፤ አንድም ቀን አላነሡትም።

የምሄደው በገበያ ቀን፣ በቅዳሜ ሆነ፤ ቀኑን የመረጡት እትዬ ናቸው። ጠዋት ሻንጣዬን ሳስር መጡና የራሳቸውን የባህል ቀሚስ ሰጡኝ። ከለበስኩ በኋላ መቀነቱን ወገቤ ላይ አዙረው፣ ጉልበታቸውን ጀርባዬ ላይ ተክለው አጠበቁት። ትንፋሼ ተቆረጠ።

«እትዬ፣ አልቻልኩም።»

«አንድ ሰዓት ቻይ።»

ክንዴን ይዘው ወጣን። መምህሩ ሻንጣዬንና ሳንቃዬን ተሸክመው ከኋላ ይከተላሉ። አውቶቡሱ የሚቆመው ቤቱ አጠገብ ባለው መንገድ ነው፤ እትዬ ግን ወደ ገበያው አዞሩኝ። በቅቤ ተራው፣ በጤፍ ተራው፣ በእንስራ ተራው መሀል፣ አንዲቱንም ሴት ሳይዘሉ፣ «አካም ጂርቱ፣ እንዴት ናችሁ! ይኸው ልጄ ልትሄድ ነው፤ ተሰናበቷት!» እያሉ አቆሙኝ። ሴቶቹ ሲያቅፉኝ እጃቸው በወገቤ ያልፋል። እትዬ ቀጥ ብለው ፈገግ እንዳሉ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ቀጥሎ ወደሚቀጥለው ተራ።

መምህሩ ላብ በላብ ሆነው ደረሱብን። «ኧረ መንገዱ በዚህ ነው እንዴ?» አሉ።

«በዚህ ነው» አሉ እትዬ።

አውቶቡሱ ጋ ስንደርስ እትዬ ሦስቴ ሳሙኝ። ሲስሙኝ ጆሮዬ ላይ «ደህና ግቢ፤ ጉደር ስትደርሺ ፍቺው» አሉኝ። መምህሩ ሳንቃዬን በመስኮት አቀበሉኝና ደመናው እንዳይጨማደድ እንድጠነቀቅ ነገሩኝ።